ማስተካከያ፦ የዲሲ ቻርተር ትምህርት ቤቶች የግል አይደሉም

ባለፈው ጽሑፌ የዋሽንግተን ዲሲ ቻርተር ትምህርት ቤቶችን (ቻርተር በሚባል ፈቃድ በራሳቸው ቦርድ የሚመሩትን) «የግል» ብያቸው ነበር። ስህተቱ የኔ ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የዲሲ ነዋሪ የሆነ ወላጅ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። በጀቱ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ከከተማዋ ካዝና ይመጣል።

«የሚያስተዳድራቸው ከንቲባው ነው» ያልኩትም ልክ አይደለም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ቦርድ አለው። ሕጉ ከቦርዱ አባላት ቢያንስ 2ቱ እዚያው የሚማሩ ልጆች ወላጆች እንዲሆኑ ያዛል። (ይህን ስንቱ ሐበሻ ወላጅ ያውቃል?) ከበላይ ሆኖ የሚቆጣጠራቸው ደግሞ 7 አባላት ያሉት ሌላ ቦርድ ነው። ከንቲባው አባላቱን ያጫል፣ የከተማዋ ምክር ቤት ያጸድቃል። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ለ15 ዓመት ነው፤ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይገመገማል። ለመግባት የሚያመለክት ተማሪ ከቦታው ከበዛ ደግሞ ዕጣ ይወጣል።