እችለዋለሁና ቻለው

የምኖርበት የማድሪድ ሕንፃ አሳንሰር ከተበላሸ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ትናንት አምስት ኪሎ ድንች አንጠልጥዬ ስገባ በሩ ላይ በሰማያዊ ፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየሁ፤ አስተዳዳሪው የጥገናውን ቀን ጽፎልናል ብዬ ብጠጋ «እንጸናለን» የሚል ቃል ከነቃለ አጋኖው ጠበቀኝ።

ቃሉን የወሰደው ዱዎ ዲናሚኮ የተባሉት ሁለት የባርሴሎና ዘፋኞች እ.ኤ.አ. በ1988 ካወጡት «ሬሲስቲሬ» ከተሰኘው ዘፈን ነው። ትርጉሙ «እጸናለሁ» ሲሆን ዘፋኙ ራሱን ጎንበስ ብሎ መልሶ በሚቆም ሸንበቆ ይመስላል። በ2020 ኮሮና ስፔንን ቤቷ ሲዘጋባት ሕዝቡ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ለሐኪሞች ሊያጨበጭብ በረንዳ እየወጣ ይህንኑ ዘፈን ይለቀው ነበር፤ እኔም አብሬ መጮኼን አልክድም።

ነገር ግን ስፓኒሹም እንደ አማርኛው «እኔ»ን ከግሱ ጋር ሰፍቶታል፤ የሚንቀጠቀጠውም የሚጸናውም ያው አንድ ሰው ነው። «እችለዋለሁ» ያለውን ሰው ቃል ሌላው ሲነጥቀው «ቻለው» ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ትእዛዝ እንጂ ዘፈን አይደለም። በስፔናዊው የፊልም ዳይሬክተር በፔድሮ አልሞዶቫር «እሰረኝ!» ፊልም መጨረሻ ላይ መኪና ውስጥ ይህን ዘፈን ከሚዘፍኑት አንዱ ሴቲቱን አግቶ ያሰራት ሰውዬ ራሱ ነው፤ አስተዳዳሪያችን ፊልሙን ሳያየው አልቀረም።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ተረት ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ካፖርቴ የሄደው እንዲያ ነው። ያኔ ክፍል የተጋራኝ ወዳጄ ለአንድ ቀን ብሎ ወሰደው፣ በጠየቅሁት ቁጥርም «አንተ የደጋ ልጅ፣ ብርድ ምን ያደርግሃል?» እያለ ሲያስቀኝ ጥርን በሁለት ሹራብ ተሻገርኩ። ካፖርቱ ቡናማ ነበር፤ የላይኛዋን ቁልፍ እናቴ በጥቁር ክር ደግማ የተከለቻት ነበረች። ሰውየው እስከ ዛሬ በየልደቴ ስለ ጽናት ጥቅስ ይልክልኛል፤ ካፖርቱን ግን አልላከም፤ ብርድ የሚችል ሰው እንደሌለና ያላማረረ ብቻ እንዳለ የሚያስረዳውም አልተገኘም።

ወደ አሳንሰሩ ልመለስ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረጋዊቷ ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኘኋቸው፤ ቤታቸው አምስተኛ ፎቅ ነው። ወረቀቱ መቼ ይጠገናል እንደሚል ጠየቁኝ፤ የተጻፈው ዘፈን መሆኑን ነገርኳቸው።

«እንግዲያው እሱ መጥቶ ይዝፈነው፤ እግረ መንገዱንም ይቺን ቦርሳ ይሸከምልኝ» አሉ።

ድንቹን አስቀምጬ ከጎናቸው ተቀመጥኩና የካፖርቱን ነገር ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።