እርማት፦ ጲላጦስ ስኮትላንድ ውስጥ አልተወለደም

«ጴንጤናዊው ጲላጦስ የተወለደው ስኮትላንድ፣ ላዮን ወንዝ አጠገብ ባለችው ፎርቲንጋል መንደር ነው» የሚለውን ብዙዎቻችሁ እየተቀባበላችሁት ነው። ወዳጆቼ፣ ዘመኑ አይገጥምም። ጲላጦስ ይሁዳን የገዛው እ.ኤ.አ. ከ26 እስከ 36 ነው። ሮማውያን ብሪታንያን መያዝ የጀመሩት ግን በ43 ነው፤ ስኮትላንድ የገቡት ደግሞ ከዚያም ዘግይተው ነው። ዩሊየስ ቄሳር ቀደም ብሎ ባሕሩን ቢሻገርም ከደቡብ እንግሊዝ አላለፈም። ማንኛውንም የታሪክ መጽሐፍ ከፍታችሁ እነዚህን ዓመታት አስተያዩ።

ጲላጦስ በእኛም ቤተ ክርስቲያን የሚታሰብ ሰው ነው። ታሪኩን ለልጆች አሳስተን ባንነግር ደስ ይለኛል። መንደሯም ብትሆን የራሷ ሀብት አላት፤ በቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ያለው «ዩ» የተባለው ዛፍ በብሪታንያ እጅግ ካረጁት አንዱ ነው። ተረቱ ይህን እየሸፈነባት ነው።