እርማት፦ ኬሞ መውሰድ ጡትን መልሶ ከማሠራት አያግድም

እህቴ፣ «በጡት ካንሰር ምክንያት ጡቷ ከመውጣቱ በፊት ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የወሰደች ሴት፣ ጡቷን በዚያው በቀዶ ሕክምናው ቀን መልሳ ማሠራት አትችልም፣ ቁስሏ አይድንም» ያልሽው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኬሞ ነጭ የደም ሴሎችን ያወርዳል፤ በዚያ ሰሞን ቀዶ ሕክምና ቢደረግ ኢንፌክሽን ያሰጋል። ታዲያ ያኔ የሚሠራ ሐኪም የለማ! ከመጨረሻው ዙር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል፣ ደም ይመረመራል፣ ነጭ የደም ሴሉና ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ሲመለስ ነው ቀጠሮ የሚያዘው። እንዲህ ሲደረግ ኬሞው ከባድ የቁስል ችግርን ጎልቶ በሚታይ መጠን እንደማይጨምር ጥናቶች አሳይተዋል።

ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ሲጋራ፣ ያልተስተካከለ ስኳር፣ በተለይ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጥ ጨረር። ኢምፕላንት (በጡት ቦታ የሚገባ ሰው ሠራሽ አካል) ከገባ ጨረሩ በዙሪያው የሚፈጠረውን ጠባሳ ሊያጠነክረውና ጡቱን ሊያኮማትረው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «ኬሞ ወስጃለሁ፣ ይቻላል ወይ?» ከማለት «ጨረር ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ አዎ ከሆነ ከራሷ ሆድ ወይም ጀርባ በሚወሰድ ቆዳና ሥጋ መሥራት፣ አለዚያም ጊዜውን ማዘግየት ሊመከር ይችላል።