ኮዱ የተበላሸውን ዕቃ አይነግርም

«የመኪናው ብልሽት ኮድ ማንበቢያ ፒ0171 ካሳየ የኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፤ ይቀየር» ያሉት ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ስህተት ነው። ኮዱ የሚለው ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል፣ ይኸው ነው። በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር ብዙ ጊዜ ያየውን የተናገረ ምስክር እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋተኛው አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መጠን መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። እኔም አንድ ጊዜ ደህናውን ሴንሰር አውጥቼ ጥያለሁ፤ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ! ኮዱን ማጥፋትም ጥገና አይደለም፤ እንዲያውም ብልሽቱ ሲከሰት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የሞተር ሙቀትና ፍጥነት አብሮ ይደመስሳል። ከማጥፋትዎ በፊት ይህን መዝገብ በወረቀት ይያዙት፤ ከዚያ ምርመራውን ከቱቦዎቹ ይጀምሩ።