7 ብርቱካን፣ 3 ብርቱካን፣ መልሱ 10?

ኧረ የሰው ያለህ! አራት ኪሎም ስድስት ኪሎም ፎቶ ኮፒ ቤት የሚባዛውን የኬጂ የመቀነስ ወርክሺት እስኪ ልብ ብላችሁ እዩት። 7 ብርቱካን ተሥሏል፣ የመቀነስ ምልክት አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ሌላ 3 ብርቱካን። የ5 ዓመት ልጅ ምን ያድርግ? ያየውን ሁሉ ቆጥሮ 10 ይላል። ቀይ ኤክስ ይደረግበትና ቤት ሲደርስ "ሒሳብ አይገባህም" ይባላል። ልጁ እኮ ቆጠራው ልክ ነው! ጥፋቱ የሥዕሉ ነው። የሚቀነሱት 3ቱ ያሉት እዚያው 7ቱ ውስጥ ነው፤ ለብቻቸው ሲሣሉ ጥያቄው መደመር ይመስላል።

መሣል ያለበት 7ቱ ብቻ ነው፤ 5 ከላይ፣ 2 ከታች። ልጁ ከመጨረሻው ጀምሮ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለ ይሰርዛል፣ ያልተሰረዙትን ከመጀመሪያው ይቆጥራል። ከመሃል ከመሃል ከሰረዘ የተሰረዘውንም ደርቦ ይቆጥራል። ሥዕሉ ደግሞ ባዶ ክብ ይሁን፤ በቀለም የተሞላው ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ይጠቁርና የእርሳስ ጭረት አይታይበትም።

ከወረቀቱ በፊት ቆርኪ የት ሄደ? 7 ቆርኪ ይደርድር፣ 3ቱን ኩባያ ውስጥ ይክተት፣ "ስንት ቀረ?" ተብሎ በአማርኛ ይጠየቅ። በእጅ መሥራት፣ ከዚያ ሥዕል፣ ከዚያ ምልክት፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጀሮም ብሩነር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ጋ ግን መቀነስን በእንግሊዝኛ "ቴክ አዌይ" እያሉ ከሰሌዳ ማስገልበጥ!

"በጣትህ አትቁጠር" የሚሉትስ? ጣት ለዚህ ዕድሜ ትክክለኛ መሣሪያ ነው። ችግሩ ወደ ኋላ ሲቆጠር ነው፤ ልጁ "7፣ 6፣ 5" ብሎ ሦስት ጣት ያጥፍና 5 ይላል፣ መነሻውን ራሱን ስለቆጠረው። 7ን ጣት ሳያጥፍ ይጥራ፤ የመጀመሪያው ጣት የሚታጠፈው 6 ሲል ነው። 6፣ 5፣ 4።

ሁለት ረድፍ ሥዕል ቦታ የለውም አልተባለም። "7 ልጆች፣ 3 ወንበር፤ ስንት ልጅ ወንበር አጣ?" ሲባል ሁለቱም ይሣላሉ፣ አንዱን ልጅ ካንዱ ወንበር በመስመር ያገናኛል፣ ጥንድ ያጡት 4 ናቸው። እሱ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው፣ "ሲወሰድ ስንት ቀረ?" ከሚለው በኋላ የሚመጣ።

ያንን የብርቱካን ወረቀት ነገም ልታባዙት ከሆነ፣ ዋናው ቅጂ ላይ ሁለተኛዎቹን 3 ብርቱካኖች በነጭ ወረቀት ሸፍኑና "3 ሰርዝ፤ ስንት ቀረ?" ብላችሁ ጻፉበት።