ጤነኛ መስሎ የሚታይ ውሻም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገዋል

እህቴ፣ ከመንገድ ያነሳሽውን ቡችላ ለማሳደግ መወሰንሽ ደስ ይላል። «ይበላል፣ ይጫወታል፣ ለሃጩም አይዝረበረብም፤ ስለዚህ ክትባት አያስፈልገውም» ያልሽው ግን ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ምልክት ከመታየቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። የነከሰ ውሻ ጤነኛ ቢመስልም ለ10 ቀን ክትትል የሚደረግበት ለዚህ ነው። ደግሞም የታመመ ሁሉ አረፋ አይደፍቅም፣ አይናከስም። አንዳንዱ ድብት ይለዋል፣ መንጋጋው ይላላል፣ መዋጥ ያቅተዋል። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብለው እጃቸውን አፉ ውስጥ የሚከቱ ሰዎች መኖራቸው በጣም ያሳዝነኛል።

3 ወር ሲሞላው አስከትቢው፤ ዕድሜውን ካላወቅሽ የእንስሳት ሐኪም ጥርሱን አይቶ ይገምትልሻል። ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግርሽ ጊዜ ይቀጥላል። አንዴ ተወግቶ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ የለም።

እስከዚያው ቢነክስሽ ወይም ቢቧጭርሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቢ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሥር በጥብጦ መጠጣት ጊዜ ያባክናል፤ ሰው ላይ ምልክቱ ከወጣ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።