እጁ የሚንቀጠቀጠው በብርድ አይደለም

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞም ያላችሁ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ በቅድሚያ ግን የምቆጣው ራሴን ነው።

ታናሽ ወንድሜ የታክሲ ረዳት ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሊወጣ ሻይ ሲይዝ ብርጭቆው እጁ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ እኔም አያለሁ እናቴም ታያለች፣ «የኮዬ ብርድ እኮ ነው» እንባባልና እናልፈዋለን። ወጥቶ አንድ መለኪያ አረቄ ሲቀምስ እጁ ይረጋል። ማርከሻ እንለው የለ? ስም ስላወጣንለት በሽታ አልመሰለንም። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ የሚያቅለሸልሸው ሰው ሰውነቱ አልኮሉን ለምዶ ያለሱ መቆም አቅቶት ነው።

ደሞ በጣም የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ፣ «እሱ እኮ አይሰክርም፣ አቅም አለው» የምትሉት። አቅም አይደለም! ድሮ በሁለት ቢራ ሞቅ የሚለው ልጅ አሁን ስድስት ጠጥቶ ቀጥ ብሎ አራተኛ ፎቅ ከወጣ ምልክቱ እሱ ነው፣ እኛ ግን የምንነቃው ቦይ ውስጥ ወድቆ ስናገኘው ነው፣ እስከዛ ተጫዋች ነው፣ ሆደ ሰፊ ነው፣ ጋባዥ ነው እያልን።

ጫቱም ያው ነው። ከሰዓት ሐራራው ሲመጣ ማዛጋት መነጫነጭ፣ ከዛ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ ማለቴ ነው። ጫቱ እንቅልፉን ይነሳዋል፣ እንቅልፍ ፍለጋ ይጠጣል፣ በነጋታው ለመንቃት ደሞ ይቅማል፣ ሁለት ሱስ እየተቀባበለው ማለት ነው። እና እናቶች፣ ከቤት እቃና ብር ሲጠፋ ሰራተኛዋን አታስለቅሷት፣ መጀመሪያ ልጃችሁን እዩ። ኪሱ ውስጥ ሐኪም ያላዘዘለት ትራማዶል፣ ያ ሱስ የሚሆነው የሕመም ማስታገሻ፣ ስታገኙ ራሱን አሞት ነው ብላችሁ አትለፉ።

ባለሱቆችም እናንተን ነው። ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልኮል መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ክልክል ነው፣ ዩኒፎርም ለብሶ ሲመጣ እድሜው ጠፍቷችሁ ነው?

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። እኛ ወንድሜ ላይ ቤት ዘጋንበት፣ በግድ ያቆማል ብለን። በሁለተኛው ቀን ተንዘፈዘፈ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ጋኔን ነው ብለን ጸበል ልንወስደው ስንል አንዷ ጎረቤታችን እየጮኸችብን ባጃጅ ጠርታ ድንገተኛ ክፍል አስገባችው። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቋርጥ እንዲህ ሊጥለው፣ ሊገድለውም እንደሚችል ነገረን። ልንገድለው ነበር እኮ፣ በፍቅር!

ስለዚህ አትዝጉበት፣ ሰክሮ ሲገባም አትጨቃጨቁት፣ ቀልቡ ሲመለስ አናግሩት። ጸበሉንም ውሰዱት፣ እኔም አምናለሁ፣ ሐኪም ጋርም ውሰዱት፣ መጠጡን በመድኃኒትና በክትትል ያስቆማሉ። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል «የእብድ ቦታ፣ ሰው ምን ይለናል» ትላላችሁ፣ እኛም ብለናል፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያቆየን ይሄው ነው። ሩቅ ነውም አትበሉኝ፣ ለለቅሶ ሲሆን በእድር አውቶብስ ተከራይተን ከተማውን እናቋርጥ የለ። ብቻዬን መውሰድ ከበደኝ የምትል እናት ካለች ትጥራኝ፣ አብሬያት እሄዳለሁ።